የልብ ምት የሚለካ ሰዓት ለ11 ወር አስሬ ያየሁት

ሰዓቱን እጄ ላይ ካሰርኩት 11 ወር ሆነኝ። የማወልቀው ቻርጅ ሳደርገውና ገላዬን ስታጠብ ብቻ ነው። በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ፣ ሁለት ቀን ክብደት አነሳለሁ፣ ጉልበቴ ሲያመኝ ደግሞ ሩጫውን በብስክሌት እተካለሁ። ዕድሜዬ 44 ነው። ውድድር የለብኝም፤ የምፈልገው ሳልጎዳ ለብዙ ዓመት መሮጥ ነው። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ለራሱ ጤና ብሎ ለሚንቀሳቀስና «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ» እያለ ለሚያመነታ ሰው ነው።

ፍርዴን ከፊት ልናገር፦ ይህ ሰዓት ቀስ ብሎ የሚለወጠውን ነገር በደንብ ይለካል፣ በድንገት የሚለወጠውን ግን አይደርስበትም። ይህን ለማወቅ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ካወቅኩ በኋላ ግን አጠቃቀሜ ሁሉ ተለወጠ።

መጀመሪያ አላመንኩትም ነበርና በጣቴ ፈተሽኩት። ሁለት ጣት አንገት ላይ፣ 30 ሴኮንድ መቁጠር፣ በሁለት ማባዛት። ቁጭ ብዬ ስቆጥር ልዩነቱ አንድ ወይም ሁለት ምት ነው። ስራመድም ያው ነው። ደስ አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ብርዳማ ማለዳ ቀለል ያለ ሶምሶማ ጀመርኩ፤ አምስት ደቂቃ ሳልሞላ ስክሪኑ 172 አለኝ። እየሮጥኩ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት እችላለሁ፣ ትንፋሼም አልተቆራረጠም፤ ሰዓቱ ግን ሽቅብ እየወጣሁ ያለሁ ያስመስለኛል። ደንግጬ ቆምኩና አንገቴ ላይ ቆጠርኩ፦ በ15 ሴኮንድ 33፣ ማለትም በደቂቃ 132። ቤት ገብቼ አፑን ስከፍት ምስጢሩ እዚያው ነበር። የእርምጃዬ ቁጥር በደቂቃ 172 ይላል። ሰዓቱ ሲቆጥር የነበረው ልቤን ሳይሆን እግሬን ነው።

ይህ ለምን እንደሚሆን መረዳት ብዙ ብስጭት ያስቀራል። ከሰዓቱ ጀርባ ያሉት አረንጓዴ መብራቶች ወደ ቆዳ ብርሃን ይልካሉ። ደም አረንጓዴ ብርሃንን በደንብ ይውጣል፤ ስለዚህ ልብ በመታ ቁጥር የደም ሥሮች ሲሞሉ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል፣ ሲጎድሉ ደግሞ ይጨምራል። ሰዓቱ የሚቆጥረው ይህን ከፍና ዝቅ ማለት ነው። ችግሩ ስንሮጥ ክንዳችንም ይወዛወዛል፣ በውስጡ ያለው ደምም አብሮ ይናጣል፣ ሰዓቱም ቆዳ ላይ ይንቀሳቀሳል። ያም የራሱን ከፍና ዝቅ ይፈጥራል። ሰዓቱ በውስጡ ባለው የእንቅስቃሴ ሴንሰር የእርምጃውን ምት ለይቶ ሊያወጣው ይሞክራል፤ አንዳንዴ ይሳካለታል፣ አንዳንዴ ግን የቱ ልብ የቱ እግር እንደሆነ ይጠፋዋል። ብርድ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሰውነት ሲበርደው ከቆዳ ስር ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ስለሚጠቡ የልቡ ምልክት ይደክማል፣ የእግሩ ግን አይደክምም።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ሰዓቱን ከእጅ አንጓዬ አጥንት ሁለት ጣት ያህል ወደ ክንዴ ከፍ አደርገዋለሁ። ከመሮጤ በፊት ማሰሪያውን አንድ ቀዳዳ አጠብቀዋለሁ፣ ስጨርስ መልሼ አላላዋለሁ። በብርድ ቀን ደግሞ ቤት ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል ሰውነቴን አሙቄ ነው የምወጣው። ከዚያ ወዲህ እግሬን ሲቆጥር የያዝኩት ምናልባት በወር አንድ ጊዜ ነው፤ ያኔም ቆሜ ለሃያ ሴኮንድ እጄን ጸጥ ካደረግኩት ይመለሳል።

የቆዳ ቀለም ጉዳይ አሳስቦኝ ነበር፤ ቆዳዬ ጥቁር ነው፣ ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒንም አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸውን 53 ሰዎች ፈትነው ያወጡት ጥናት አለ። በቆዳ ቀለም ምክንያት ጉልህ የትክክለኝነት ልዩነት አላገኙም፤ እንቅስቃሴ ግን ስህተቱን ከእረፍት ጊዜው በአማካይ 30 በመቶ ያህል ጨምሮት ነበር። የእኔም ልምድ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ንቅሳት ግን ሌላ ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ ግራ እጁ አንጓ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ንቅሳት አለው፤ ሰዓቴን ሲሞክር እዚያ ላይ ጭረት ብቻ ነበር የሚያሳየው፣ ቀኝ እጁ ላይ ሲያስረው ወዲያው ሠራለት።

አሁን ወደ ድክመቱ ልምጣ፤ ብዙ ገዢ የሚያዝነው እዚህ ላይ ነውና። በአራተኛው ወር የደረት ማሰሪያ ገዛሁና ሁለቱን አብሬ አሰርኳቸው። የደረት ማሰሪያው ብርሃን አይጠቀምም፤ ልብ በመታ ቁጥር የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ምልክት በቀጥታ ከቆዳ ይወስዳል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የፊንላንዱ ፖላር ያለገመድ የሚሠራውን የልብ ምት መለኪያ ለስፖርተኞች ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። መም ላይ ስድስት ጊዜ 400 ሜትር በፍጥነት ሮጥኩ። ዙሩን ስጨርስ ደረቴ 176 ሲል ሰዓቱ ገና 158 ላይ ነበር። ከፍተኛውን ቁጥር ያሳየኝ ሃያ ምናምን ሴኮንድ ዘግይቶ፣ እኔ እየተራመድኩ ትንፋሼን በምሰበስብበት ጊዜ ነው። ስድስቱም ዙር ላይ እንዲሁ። ማለትም ለአጭርና ለፈጣን ሩጫ ሰዓቱን እያየ ፍጥነቱን የሚወስን ሰው ሁልጊዜ ያለፈውን ደቂቃ ነው የሚያነበው።

ክብደት ማንሳት ላይ ደግሞ የባሰ ነው። ብረት ጨብጦ መያዝ የክንድ ጡንቻን ያወጥራል፣ አንጓን ያጥፋል፣ ከቆዳው ስር የሚያልፈውን ደም ይጨቁናል። ስኳት ስሠራ ደረቴ 141 እያለ ሰዓቱ 104 ብሎኝ ያውቃል። ፑሽአፕ ላይ ቁልፉ እጄን እየወጋኝ ሁለት ጊዜ ልምምዱን ራሱ አቋርጦብኛል። ስለዚህ በክብደት ቀን ሰዓቱን የጊዜ መቁጠሪያ ብቻ አድርጌዋለሁ። ለኢንተርቫል (ፈጣን ሩጫና እረፍት ለሚፈራረቅበት ልምምድ) የደረት ማሰሪያውን በብሉቱዝ ከሰዓቱ ጋር አገናኛለሁ። ጡት ማስያዣ ስር ስለሚገባ አይንሸራተትብኝም፤ የሚነካውን ቦታ በውሃ ማርጠብ ብቻ ነው የሚፈልገው። የምትገዙት ሰዓት የውጭ የደረት ማሰሪያ መቀበሉን ሳታረጋግጡ አትግዙ። ለእኔ ከስክሪን ውበትም ከሙዚቃ ማጫወቻም የሚበልጥ መስፈርት ይህ ነው።

ዞኖቹ ላይ (ሰዓቱ የልብ ምትን ከቀላል እስከ ከባድ የሚከፍልባቸው ደረጃዎች ናቸው) ደግሞ ሌላ ትምህርት አገኘሁ። ሰዓቱ ከሳጥኑ ሲወጣ ከፍተኛ የልብ ምቴን 220 ሲቀነስ ዕድሜ በሚለው ቀመር አሰላው፦ 176። ቀመሩ ለብዙ ሰው አማካይ ነው፤ አንድ ሰው ከአማካዩ በአሥርና ከዚያም በላይ ምት ሊርቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው 208 ሲቀነስ 0.7 በዕድሜ ተባዝቶ የሚለውም ለእኔ 177 ነው የሚሰጠኝ። በደረት ማሰሪያው ረጅም ዳገት ላይ አቅሜ እስኪያልቅ ስሮጥ ግን 188 አየሁ። (ይህን ፈተና ልቡ ላይ ችግር ያለበት ወይም ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይሞክረው።) የ12 ምት ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ግን የከፍተኛው 70 በመቶ በ176 ሲሰላ 123፣ በ188 ሲሰላ 132 ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሰዓቱ «ፍጥነትህን ቀንስ» እያለ ሲጮህብኝ የነበረው ትክክለኛ ቦታዬ ላይ እያለሁ ነበር። (አዎ፣ ለሴትም በወንድ አንቀጽ ነው የሚያዘው፤ የአማርኛ ትርጉሙን የሠራ ሰው ቢያስተካክለው ደስ ይለኛል።) በኋላ ቅንብሩን የእረፍት ምትንም ወደሚያስገባው ስሌት ቀየርኩት፦ ከከፍተኛው የእረፍቱን ቀንሶ፣ የቀረውን በመቶኛ አባዝቶ፣ የእረፍቱን መልሶ መደመር ነው። የእረፍት ምቴ 66 በነበረበት ጊዜ ከ60 እስከ 70 በመቶ ያለው ከ139 እስከ 151 ሆነ። ይሄኛው ከትንፋሼ ጋር ተስማማ።

ሰዓቱ ዋጋውን የመለሰልኝ እዚህ ነው። ከዚያ በፊት ሩጫዬ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ ለእረፍት ቀን የበዛ፣ ለልምምድ ቀን ያነሰ። አሁን በሳምንት ሦስቱን ሩጫ ከ140 ብዙ ሳልወጣ እሮጣለሁ። መጀመሪያ ዳገት ላይ መራመድ ግድ ነበር፣ ሰው እያየኝ ያሳፍረኝም ነበር። ግን ሁልጊዜ የምሮጣትን 8 ኪሎ ሜትር በአማካይ 140 ምት መጀመሪያ በ62 ደቂቃ፣ ባለፈው ወር በ55 ደቂቃ ጨረስኳት። ልቤ ያው እየሠራ ሰባት ደቂቃ ተረፈ። ይህን ለውጥ ስሜቴ ብቻውን አይነግረኝም ነበር፤ በየሳምንቱ የሚጨምረው ከሰኮንዶች አይበልጥምና። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ የሁለት ቀን ሩጫ ስታወዳድሩ አየሩን አብራችሁ እዩ። ሙቀት ሲበዛና ሰውነት ውሃ ሲያጣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ላይ ምቱ እየወጣ ይሄዳል። በሙቀት ቀን ረጅም ሩጫ መጨረሻ ላይ አሥር ምት ጨምሮ አይቻለሁ፤ ድክመት አይደለም።

ሌላው የምወደው ቁጥር የጠዋቱ የእረፍት ምት ነው። ለአዋቂ ሰው ከ60 እስከ 100 ያለው የተለመደ ነው፤ በደንብ የሚሠለጥኑ ሰዎች ከዚያ በታች ይወርዳሉ። የእኔ ከ66 ተነስቶ 58 ደርሷል። ከቁልቁለቱ ይልቅ ግን ድንገተኛ ዝላዩ ጠቅሞኛል። ሁለት ጊዜ ያለምክንያት ስምንት ምት ያህል ጨምሮ ባየሁት ቀን ማታውን ትኩሳት ያዘኝ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጨምር ግን ምንም አልታመምኩም፤ ሌሊቱን በጉዞ ስላሳለፍኩ ብቻ ነበር። ስለዚህ አሁን ሲዘል ምክንያቱን አልመረምርም፣ ያን ቀን ግን ፈጣን ሩጫ አልሮጥም።

ካሎሪውን ከስክሪኑ አጥፍቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት የእጅ መሣሪያዎችን በ60 ፈቃደኞች ላይ ሲፈትሹ፣ ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባልበለጠ ስህተት ለክተዋል። የካሎሪ ግምት ላይ ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ይስት ነበር፣ የባሰው 93 በመቶ። በዚህ ቁጥር ተማምኖ ምግቡን የሚመጥን ሰው ይጎዳል። «ጭንቀት» እና «ዝግጁነት» የሚሉትንም ነጥቦች ትቻቸዋለሁ፤ ከምን እንደተሰሉ አምራቹ አይነግረኝም።

ታላቅ እህቴ ሰዓቱን ወዳው ለሁለት ሳምንት ተውሳኝ ነበር። ለደም ግፊት ቤታ ብሎከር ትወስዳለች። አንድ ቀን ደውላ፣ «ይሄ ሰዓትሽ ላብ በላብ ሆኜ ገና አልተንቀሳቀስሽም ይለኛል» አለችኝ። «እትዬ፣ መድኃኒቱ ልብሽ እንዳይፈጥን ይይዘዋል፤ ስህተቱ የሰዓቱ ዞን እንጂ ያንቺ አይደለም፣ ሐኪምሽን ደግሞ ጠይቂው» አልኳት። ሐኪሟም ቁጥሩን ትታ በንግግር እንድትለካ ነገራት፦ እየተራመድሽ ማውራት ከቻልሽ፣ መዝፈን ግን ካቃተሽ፣ ልኩ ያ ነው። አሁን እሷ ያለሰዓት ከእኔ የተሻለ ሥርዓት ይዛ ትራመዳለች።

የቀረውን ባጭሩ። ባትሪው መጀመሪያ በሳምንት አምስት ሰዓት ያህል ጂፒኤስ እየተጠቀምኩ ስድስት ቀን ይቆይ ነበር፤ አሁን አራት ቀን ተኩል ነው። የላስቲክ ማሰሪያው በስምንተኛው ወር ተሰነጠቀ፤ በጨርቅ ቀየርኩትና ይሄኛው ለእጄ የተሻለ ነው። በበጋ ከሴንሰሩ ስር ቆዳዬ ቀልቶ አሳከከኝ፤ ላብና ሳሙና ታምቆ ስለሚቀር ነው። ከልምምድ በኋላ ሰዓቱንም እጄንም አጥቤ ማድረቅና ሌሊት እጅ መቀያየር ስጀምር በሳምንት ውስጥ ጠፋ።

ቅሬታዬ አንድ ነው፣ ከባድም ነው። በዘጠነኛው ወር የመጣ አፕዴት የእረፍት ምትን የሚያሰላበትን መንገድ ቀየረው። አንድ ሌሊት ላይ ቁጥሬ በሦስት ወረደ፣ እኔ ግን ያው ነኝ። ማስታወቂያ የለ፣ የድሮውን ከአዲሱ ጋር የሚያስማማ ምንም ነገር የለ። የሰዓቱ ትልቁ ጥቅም ወራትን ማነጻጸር ሆኖ ሳለ ማነጻጸሪያውን መንካት ለእኔ ከባትሪም ከማሰሪያም የባሰ ጥፋት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ተኝቼ እንዳለሁ 60 ሴኮንድ በጣቴ እቆጥራለሁ። እሱንና የ8 ኪሎ ሜትሯን ደቂቃ በየእሑዱ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ከጎኑም ሰዓቱ ያለውን። እስካሁን 9 መስመር ሆኗል፤ በጣቴና በሰዓቱ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት 4 ምት ነው።