«4ኬ» የሚባለውን የካሜራ ሞኒተር ከመግዛታችሁ በፊት

ራሳችሁን በካሜራ ለማንሳት፣ ወይም ሰው ሳይነቃባችሁ ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ ትንሽ ሞኒተር፣ የጎን ሌንስ (በመስታወት ወደ ጎን የሚያነሳ) ወይም አንግል ፋይንደር (ካሜራው መመልከቻ ላይ ተገጥሞ ከላይ ወይም ከጎን ሆናችሁ የምታዩበት) ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ቆም በሉ። በተለይ ቴሌግራም ላይ «ሙሉ ኪት» ተብሎ በጥቅል ሲሸጥ ካያችሁ።

የአክስቴ ልጅ የሐበሻ ቀሚስ ትሸጣለች። ቀሚሶቹን ራሷ ለብሳ፣ ራሷ አንስታ ቲክቶክ ላይ ትለቃለች። ካሜራዋ ካነን 2000ዲ ነው። ስክሪኑ አይዞርም፣ አይታጠፍም። ፊቱ ስትቆም ራሷን ማየት ስላልቻለች ኪቱን ገዛች። ማስታወቂያው «4ኬ ሞኒተር፣ የጎን ሌንስ፣ አንግል ፋይንደር፣ ያላችሁበት ድረስ እናደርሳለን» ይላል። በከፈለችው ብር ደህና ያገለገለ ሌንስ ይገኝ ነበር።

እቃው እንደደረሳት ይዛው እኔ ጋ መጣች። ካርቶኑ ላይ «4ኬ» የሚለው በትልቁ ተጽፏል። የመመሪያው መጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ስክሪን፦ 800 በ480» ይላል። 4ኬ ማለት 3840 በ2160 ነው፤ ወደ 8.3 ሚሊዮን ፒክስል። 800 በ480 ሲባዛ 384 ሺህ ብቻ ነው። ሻጩ ጋ ደወልን።

«መቼ ዋሸሁ? 4ኬ ይቀበላል እኮ!» አለን።

ነገሩ እውነት ነው። 4ኬ ምስል ሲላክለት ይቀበላል፤ ተቀብሎ ግን አሳንሶ ነው የሚያሳየው። ቁጥሩ ስለ መግቢያው ነው እንጂ ስለ ስክሪኑ አይደለም። 2000ዲ ደግሞ ቪዲዮ የሚቀርጸው ቢበዛ 1920 በ1080 ስለሆነ 4ኬ የመቀበል ችሎታው ለእሷ ምንም አይፈይድም። ከዚህ ዓይነት ሞኒተሮች መካከል ስክሪናቸው 1024 በ600 የሆኑም አሉ፤ እነሱም «4ኬ» ተብለው ነው የሚሸጡት። ስለዚህ ሻጩን «4ኬ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት። «የስክሪኑ ሬዞሉሽን ስንት በስንት ነው?» በሉት። 1920 በ1080 ካለና በጽሑፍ ካሳያችሁ ወሬው ይቀጥላል።

የባሰው ሌላ ነው። የ2000ዲ የራሱ ስክሪን 3 ኢንች ሲሆን 920 ሺህ ዶት አለው። አንድ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሦስት ዶት ስለሚፈልግ ይህ ወደ 640 በ480 ይመጣል፤ ማለትም 307 ሺህ ፒክስል አካባቢ። አዲሱ ሞኒተር 5 ኢንች ላይ 384 ሺህ ፒክስል ነው የዘረጋው። ስክሪኑ ሰፋ እንጂ ምስሉ አልጠራም። ፎከሱ ዓይኗ ላይ ይሁን የቀሚሱ ጥልፍ ላይ፣ ቆማ ከምትነሳበት ቦታ ሆና መለየት አልቻለችም። የገዛችው ግን ለዚሁ ነበር። (በነገራችን ላይ ካሜራችሁ ካነን 4000ዲ ከሆነ ስክሪኑ 230 ሺህ ዶት ብቻ ስለሆነ ይህ ሞኒተር እንኳ ሊሻላችሁ ይችላል።)

ባትሪም የለውም። ጀርባው ላይ ኤንፒ-ኤፍ የሚባለው ዓይነት ባትሪ መግጠሚያ አለ፤ ባትሪውና ቻርጀሩ ለብቻ ይገዛሉ። ማስታወቂያው ላይ ባትሪ ተገጥሞለት ነው ፎቶ የተነሳው። ምስሉን ወደ ሞኒተሩ የሚወስደው የኤችዲኤምአይ ገመድ ሲሰካ ደግሞ የ2000ዲ የራሱ ስክሪን ይጠፋል፤ ይህ የካሜራው ባህሪ ነው። ሞኒተሩ ፊቷ ዞሮ ሳለ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ የሚረዳት ሰው የሚያየው ነገር የለም። በዚያ ላይ 2000ዲ በላይቭ ቪው (በመመልከቻው ሳይሆን በስክሪን እያያችሁ ስታነሱ) ፎከስ ሲያደርግ ቀርፋፋ ነው፤ ወዲያና ወዲህ እያለ ይፈልጋል። ሞኒተር ፎከሱ መሳቱን ያሳያል እንጂ አያስተካክልም።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። 2000ዲ ዋይፋይ አለው። ካሜራ ኮኔክት የሚባለውን የካነን አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ሌንሱ የሚያየውን ስልኩ ላይ ታያላችሁ፣ ፎከስ የሚያርፍበትን ቦታ በጣት ትነካላችሁ፣ ከዚያው ታነሳላችሁ። በነፃ ነው። የስልካችሁ ስክሪን ደግሞ ከዚያ ሞኒተር በብዙ እጥፍ ይጠራል። ኒከን ስናፕብሪጅ አለው፤ ሶኒም የራሱ አፕ አለው። ትንሽ መዘግየት አለ፣ ዋይፋዩም ባትሪ ይበላል፤ መጠባበቂያ ባትሪ ያዙ። ስልኩ እጃችሁ ላይ እንዳይታይ ከፈለጋችሁ ሰልፍ ታይመሩን አብሩት፤ 10 ሰከንድ ጠብቆ በተከታታይ ብዙ ፎቶ እንዲያነሳ ማድረግ ይቻላል።

አፑ ሰው ሳይነቃ ለማንሳትም ይሆናል። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ ካሜራ ዓይናችሁ ላይ ስታደርጉ ሰው ወዲያው ይኮሳተራል ወይም ፖዝ ይሰጣል። ካሜራው ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ስልክ ስታዩ ግን ማን ልብ ይላችኋል? ቴሌግራም የምታዩ ነው የሚመስለው።

የጎን ሌንሱ ደግሞ ለብቻው አስቂኝ ነው። ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚጠመዘዝ ቱቦ ነው፤ ውስጡ በ45 ዲግሪ የተጋደመ መስታወት፣ ጎኑ ላይ ቀዳዳ። ፊት ለፊት ያነጣጠራችሁ መስሎ የጎን ሰው ታነሳላችሁ። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አሜሪካዊው ፖል ስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1916 ኒውዮርክ መንገድ ላይ ካሜራው ላይ የውሸት ሌንስ ገጥሞ ሰዎችን አንስቷል። የእኛዋ ግን ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ሌንስ ላይ ገጠመችው። የዚህ ሌንስ የፊት ጫፍ ፎከስ ሲያደርግ ይዞራል። መዝጊያውን ግማሽ ስትጫን ቱቦውም አብሮ ዞረ፤ ቀዳዳው ከጎረቤት በረንዳ ተነስቶ ጣሪያ ላይ አረፈ። በ18 ሚሜ (ሌንሱ በጣም ሰፍቶ ሲያሳይ) ደግሞ የምስሉ ማዕዘኖች ጥቁር ናቸው። ምስሉ ግራ ቀኙ ተገልብጦ ስለሚመጣ የሱቅ ስም እንኳ ወደ ኋላ ነው የሚነበበው። ሰው ከነቃባችሁ ደግሞ ከተራ ካሜራ ይልቅ ይህ ያጣላል። እኔ በነፃ ቢሰጡኝ አልወስደውም።

አንግል ፋይንደር ከሁሉም የተሻለው ነው፤ እውነተኛ መሣሪያ ነው። አሜሪካዊው ቤን ሻን በ1930ዎቹ ሰዎችን ሳይነቁበት ያነሳው ላይካ ካሜራው ላይ እንዲህ ያለ ገጥሞ ነው። ግን ለራስ ፎቶ አይረዳም፤ ከካሜራው ኋላ ሆኖ የሚያይ ዓይን ይፈልጋል። መግጠሚያውም እንደ ካሜራው ይለያያል። ኒከንን ብንወስድ ዲአር-6 አራት ማዕዘን መመልከቻ ላላቸው እንደ ዲ3500 ላሉት፣ ዲአር-5 ደግሞ ክብ መመልከቻ ላላቸው እንደ ዲ800 ላሉት ነው። «ለሁሉም ይሆናል» ከተባላችሁ መግጠሚያዎቹን አውጥቶ ያሳያችሁ። ስክሪኑ የሚታጠፍ ካሜራ ያለው ሰው ግን ለዚህ ብር ባያወጣ ይሻለዋል።

ስልክ ጀርባ ላይ በማግኔት የሚለጠፉትን ትንንሽ ስክሪኖች የምትጠይቁኝም አላችሁ። ብዙዎቹ ከአይፎን ጋር በኤርፕሌይ፣ ከአንድሮይድ ጋር በሚራካስት ነው የሚገናኙት፤ ሁለቱም የስልኩን ምስል ያለ ገመድ ወደ ሌላ ስክሪን የሚልኩ ናቸው። ብዙዎቹ የሳምሰንግ ስልኮች ላይ ይሠራሉ። ጉግል ፒክስል የሚባለው ስልክ ግን ሚራካስት ስለሌለው አትድከሙ።

የግድ ሞኒተር የሚያስፈልገው ሥራ ካላችሁ ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ገመዱንም እዩ፤ 2000ዲ ሚኒ ኤችዲኤምአይ ነው፣ ሶኒ ኤ6000 ግን ማይክሮ። ባትሪ ተገጥሞ ይብራ፣ ምስሉ ይምጣ፣ ምስሉን የሚገለብጠው ሜኑ መኖሩን አረጋግጡ፣ ሰው ፊቱ ይቁምና ፎከሱ ይለይ። በዴሊቨሪ ከሆነም ይህ ሁሉ እስኪታይ ልጁ ይጠብቅ፤ ቴሌብሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። «ካርቶኑ ከተከፈተ አንመልስም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ካርቶኑን ሳትነኩ መልሱለት።