ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለው የእንስሳት ድንገተኛ ክሊኒክ፣ 5 ኮከብ

ይሄን የምፅፈው እዚህ ሜሪላንድ ውሻ ላላችሁ ሀበሾች ነው፣ እንዲህ አይነት ነገር ሲመጣ የት እንደሚኬድ ቀድሞ ያሰበበት ሰው ብዙ የለማ። ቦቢያችን ጀርመን ሸፐርድ ነበር፣ ገና 4 አመቱ። ጠዋት ምግቡን ጥርግ አርጎ በልቶ ከሰዓት ደረጃው ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ፣ ከንፈሩን ገለጥ አርጌ ሳየው ድዱ ወረቀት መስሏል። ድድ ከነጣ ውስጥ ለውስጥ እየደማ ሊሆን ስለሚችል ነገ ይሻለዋል ብላችሁ እንዳታሳድሩት፣ ያኔውኑ ይዛችሁ ውጡ።

በር ላይ በስትሬቸር ተቀበሉን፣ ፎርሙ ምናምኑ በኋላ ይደርሳል አሉን። አልትራሳውንድ ሲያዩት ጣፊያው ላይ ያለ እጢ ፈንድቶ ሆዱ ደም ሞልቷል። ዶክተሯ መጥታ መሬት ላይ ቦቢ አጠገብ ቁጭ ብላ ነው ያስረዳችን። ጣፊያ ላይ የሚወጣ እጢ ሁሉ ካንሰር አይደለም አለች፣ የሱ ግን ጉበቱም ልቡም ላይ ስለታየ ሄማንጂዮሳርኮማ ነው የሚመስለኝ አለችን፣ ከደም ስር ግድግዳ የሚነሳ ካንሰር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በእድሜ የገፉትን ነው የሚይዘው ግን እንደ ጀርመን ሸፐርድና ጎልደን ሪትሪቨር ያሉት ላይ ይበዛል። ጣፊያው በኦፕሬሽን ቢወጣ እንኳን ብዙዎቹ ከ1 እስከ 3 ወር ነው የሚቆዩት፣ ኬሞ (የካንሰር መድሃኒት) ሲጨመርበት ወደ 6 ወር ቢገፋ ነው። ኦፕሬሽን ካልሰራን ብላ አልገፋፋችንም።

ባለቤቴ ባለፈው ሳምንት ብናመጣው ኖሮስ ብሎ ጠየቃት። እስኪፈነዳ ድረስ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም፣ ተራ የደም ምርመራም ላያገኘው ይችላል፣ እናንተ ሳታዩ ያለፋችሁት ነገር የለም አለችው አይኑን እያየች። እኔ አምስቱንም ኮከብ የሰጠሁት ለዚች መልስ ነው፣ ያን ቀን እሷን ባንሰማ ኖሮ እስከዛሬ እርስ በርስ ስንወቃቀስ ነበር የምንገኘው።

እንዳይሰቃይብን በመርፌ እንዲያርፍ ወሰንን፣ ከዛ ሶፋ ያለው ጸጥ ያለ ክፍል ሰጡን፣ ማንም ቶሎ በሉ አላለንም። መጀመሪያ ማስታገሻ ነው የሚወጋው፣ እንቅልፍ ሲወስደው ነው የመጨረሻው መርፌ የሚሰጠው፣ አይኑ እንደማይከደንና ከሄደ በኋላም አንዴ ሁለቴ የተነፈሰ ሊመስል እንደሚችል አስቀድማ ስለነገረችን አልደነገጥንም። ረዳቷ ልጅ የፊት እግሩን ፀጉር ስትላጭለት እጇን ላሰላት፣ እሷም አቁማ ልሶ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

ለውሻ ነው እንዴ እንዲህ የምትሆኚው ያሉኝ የምወዳቸው ሰዎች አሉ፣ አልቀየምኳቸውም፣ አገር ቤት ውሻ ግቢ ጠባቂ ነው። እናቴ ግን ከአዲስ አበባ ደውላ እግዜር ያጥናሽ ልጄ ብላ አብራኝ አለቀሰች። ክሊኒኩም ሰራተኞቹ በእጃቸው የፃፉበት ካርድ ላከልን፣ ውስጡ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እንስሳ ለሞተባቸው ሰዎች ያዘጋጀው የስልክ መስመር ነበረበት፣ የሚያነሱት የሰለጠኑ የእንስሳት ህክምና ተማሪዎች ናቸው፣ በእንግሊዝኛ ነው እንጂ አልቅሳችሁም ቢሆን ይሰሟችኋል፣ እኔን በጣም ረድቶኛል ደውሉ።

ዋጋው ውድ ነው፣ ያው ድንገተኛ ስለሆነ ለሁሉም ለየብቻ ነው የሚከፈለው፣ ግን እያንዳንዱን ከመስራታቸው በፊት ግምቱን በወረቀት ያሳያሉ። የእግሩን አሻራ ሸክላ ላይ አትመው በነፃ ሰጡን። ክሪሜሽን (ሬሳውን ማቃጠል) ሁለት አይነት ነው፣ ከሌሎች ጋር ከሆነ አመዱ አይመለስም፣ ለብቻው ከፈለጋችሁ ወረቀቱ ላይ መፃፉን አይታችሁ ፈርሙ። ፓርኪንግ ከኋላ በኩል ነው፣ ትልቅ ውሻ ከሆነ ከመኪና ሳትወርዱ ደውሉ፣ ወጥተው ይወስዱላችኋል።