ኮምቦልቻ ላይ የተሠሩልኝ ትንንሽ ክሪኮች
በቤቴ ባለችው አነስተኛ ፍሬዛ (በሚሽከረከር ስለት ብረት የሚቀርጽ ማሽን) ላይ የብረትን ተንጠልጣይ ጫፍ ከሥር የሚደግፉ ትንንሽ ባለብሎን ክሪኮችን፣ ንድፉን በወረቀት ሥዬ፣ በኮምቦልቻ ከተማ ለሚገኝ አንድ ቶርኖ ቤት አዝዤ አሠርቻለሁ። ብሎናቸው የ12 ሚሊሜትር ውፍረትና በጥርሶቹ መካከል የተለመደው የ1.75 ሚሊሜትር ርቀት ያለው በመሆኑ፣ ሩብ ዙር ሲዞር ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ከፍታ ይሰጣል፤ ይህም ብረቱን ሳያጎብጡ በልኩ ለመደገፍ ያስችላል። የግርጌው መቀመጫና የጥርሱ ቀዳዳ ብረቱ ከቶርኖው መንጋጋ ሳይፈታ ስለ ተሠሩ ክሪኩ ቀጥ ብሎ ይቆማል (ብዙ ሠሪዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው)። ቅር ያሰኘኝ ማጥበቂያ ዳዶ (ብሎኑን ባለበት ከፍታ ቆልፎ የሚይዝ) አለመኖሩ ነው፤ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ብሎኑ ሊላላ ስለሚችል፣ የሚያሠራ ሰው ዳዶውን አስቀድሞ ይጠይቅ። ብረት ይዞ ለሚሄድ የሚጠየቀው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው።