ኒንቴንዶ ስዊች ስፖርትስ፦ ከዘጠኝ ወር ጨዋታ በኋላ

ኒንቴንዶ ስዊች ስፖርትስ ስዊች በተባለው የኒንቴንዶ ጌም መሣሪያ ላይ ቴኒስን፣ ቦውሊንግንና ሌሎች ስፖርቶችን እጅን በማንቀሳቀስ የምንጫወትበት የቪዲዮ ጌም ነው። ጀማሪ ሁሉ ክንዱን ከትከሻው ጀምሮ ያወናጭፋል። በማግስቱ ትከሻው ይዝላል፤ ኳሱ ግን ወዳሰበው አይሄድለትም። እጅ ላይ የሚያዘው የስዊች መቆጣጠሪያ፣ ጆይኮን፣ የሚለካው የፍጥነት ለውጥንና የእጅን መዞር ነው፤ እጃችሁ ክፍሉ ውስጥ የት እንዳለ አያይም። ስለዚህ ቴኒስ ላይ ሰዓቷን የጠበቀች አጭር ምት ከትልቅ ውርወራ ትሻላለች። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተጫዋች በቀኙ በኩል የመጣችውን ኳስ ቀድሞ ከመታ ወደ ግራ፣ ዘግይቶ ከመታ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ሩጫውን ጨዋታው ራሱ ይጨርስላችኋል።

ምቱ ሁልጊዜ ከዘገየ ግን መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ጠርጥሩ። ብዙዎቹ ምስሉን ለማሳመር ሲሉ ያዘገዩታል። ከቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ «ጌም ሞድ»ን ማብራት ከየትኛውም ልምምድ በላይ ይረዳል። ጆይኮኑ የሚገናኘው በብሉቱዝ ስለሆነ ስዊቹን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አትደብቁት፤ ምልክቱ እየተቆራረጠ ምት ይበላባችኋል።

በጎራዴው ጨዋታ ሰይፉ ቀስ በቀስ ወደ ጎን ካዘመመ ጋይሮስኮፑ (የእጅን መዞር የሚለካው የጆይኮኑ ክፍል) ተዛብቷል ማለት ነው። ሲስተም ሴቲንግስ፣ ኮንትሮለርስ ኤንድ ሴንሰርስ፣ ከዚያ ካሊብሬት ሞሽን ኮንትሮልስ ግቡ፤ ጆይኮኑን ነቅላችሁ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና እስኪጨርስ አትንኩት። ሶፋ ላይ ከተደረገ ስህተቱ ይብሳል።

ከውጭ ለምታስመጡ ደግሞ፦ የስዊች ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ከአሜሪካ ቢመጣም የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የኒንቴንዶ የቀድሞ ጌም መሣሪያ፣ ዊ፣ ግን የአሜሪካው ቻርጀር ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰኩት። ስዊችን ከቴሌቪዥን ጋር የሚያገናኘው ዶክ 15 ቮልት ስለሚፈልግ ተራ የስልክ ቻርጀር አያስነሳውም። መብራት ቢጠፋ ስዊቹን ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ በራሱ ስክሪንና ባትሪ መቀጠል ትችላላችሁ። አነስተኛው የስዊች ዓይነት፣ ስዊች ላይት፣ እንዲላክላችሁ አትጠይቁ፤ ከቴሌቪዥን ጋር አይገናኝም፣ ጆይኮንም ለብቻ መግዛት ግድ ይላል።

የጨዋታው ካርድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 አብረው የወጡት ስድስቱ ስፖርቶች አሉ። ጎልፍ በዚያው ዓመት ኅዳር፣ ቅርጫት ኳስ በ2024 በነጻ ስለተጨመሩ ኢንተርኔት ጥሩ በሆነበት አውርዷቸው።

ከሁሉም የምንመርጠው ቦውሊንግን ነው። አራት ሰው በአንድ ጊዜ ይጥላል፣ ተራ መጠበቅ የለም፤ አያትም ከልጅ ልጅ ጋር እኩል ይጫወታል። ኳሱ ወደ ጎን የሚጠመዘዝባችሁ በመጨረሻ ላይ አንጓችሁ ስለሚዞር ነው። ባድሚንተን ለሁለት ሰው ድንቅ ነው። እግር ኳሱ አያዋጣም፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ጆይኮን ስለሚይዝ ከስዊቹ ጋር የመጣው አንድ ጥንድ ሌላውን ተመልካች ያደርገዋል።

የእጅ ማሰሪያውን ስትገጥሙ የ+ ምልክቱ ከጆይኮኑ + ጋር፣ የ− ምልክቱ ከ− ጋር ይግጠም። ተገልብጦ ከገባ ይጣበቃል፤ በጉልበት ማውጣት ሐዲዱን ሊጎዳው ይችላል። ከገባ በኋላ የታችኛውን መቆለፊያ ዝጉ፤ ካልተዘጋ ማሰሪያው እጃችሁ ላይ ይቀርና ጆይኮኑ ወደ ስክሪኑ ይበራል።