«ያለ መደብ» ብለው ሸጡልኝ፤ አሥረኛው ደረጃ ላይ በሩን ዘጉብኝ

ይህን የምጽፈው ከተታለልኩ አንድ ቀን እንኳን ሳይሞላ ነው። ንዴቱ አልበረደልኝም፤ እስኪበርድልኝም አልጠብቅም። «ገጸ ባሕርይዎን እንደ ፈለጉ ይቅረጹ» የሚል የቪዲዮ ጨዋታ ማስታወቂያ ባየ ቁጥር ልቡ የሚሸፍት ተጫዋች ብዙ ነውና ቢያንስ የእናንተ ገንዘብ ይትረፍ።

እነዚህን ሻጮች ታውቋቸዋላችሁ። ጨዋታው ከመውጣቱ ከወራት በፊት ፊልም የመሰለ ማስታወቂያ ይለቃሉ። መደበኛ፣ ልዩ፣ እጅግ ልዩ እያሉ ሦስት ጥቅል ይደረድራሉ። ቀድሞ ለከፈለ ካባና ፈረስ ይመርቃሉ። እኔን ግን ካባውም ፈረሱም አልሳበኝም። የያዘኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ጉዞዎን ያለ መደብ ይጀምሩ፤ ማን እንደሚሆኑ የሚወስነው እጅዎ ነው።» ይህን አምኜ ከሦስቱ ውዱን ገዛሁ።

ለምን እንዳመንኩ ልንገራችሁ። በሚና ጨዋታ፣ ማለትም ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በሚጫወተው ጨዋታ፣ መደብ ማለት ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ገጸ ባሕርይው ምን እንደሚችልና ምን እንደሚከለከል የሚወስን የሙያ ዓይነት ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ ሦስት መደቦች ብቻ ነበሩት፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። አስማተኛው ከጩቤ ሌላ መሣሪያ መያዝ አይችልም፤ ካህኑ ስለት ያለው ነገር አይነካም። ሌባው የተጨመረው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ክልከላው ጥብቅ ነው፤ ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ፊት ለፊት የተነገረ ነው። የምትተዉትን አውቃችሁ ትተዋላችሁ፤ እናንተ የጎደላችሁን ከጎናችሁ የተቀመጠው ጓደኛ ይሞላዋል፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ሥራ የሌለው ሰው አይኖርም። ይህን ዓይነቱን ጨዋታ ዓመታት ተጫውቼዋለሁ፤ ዛሬም እወደዋለሁ።

ሌላውን መንገድም አውቀዋለሁ። ሩንክዌስት የተባለው ሌላ የጠረጴዛ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1978 መደብን ጨርሶ ትቶ ሰይፍ የመዘዘ በሰይፍ፣ የወጣ የወረደ በመውጣት እንዲካን አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አልቲማ ኦንላይን የተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ ደግሞ መደብ ባይኖረውም ልክ ነበረው፤ የችሎታዎች ሁሉ ድምር ከ700፣ እያንዳንዱ ችሎታ ከ100 አያልፍም ነበር። ሰባት ነገሮችን እስከ ጫፍ ለማድረስ ሌላውን መተው ግድ ነው። አሣ አጥማጅ ሆኖ ሰይፍም የሚችል፣ ልብስ እየሰፋ አስማት የሚያጠና ሰው የሚገኘው ከዚህ ዓይነቱ ምርጫ ነው። ልኩ ለሁሉም አንድ ነው፤ ሰውየውን የሚሠራው ተጫዋቹ ነው። እኔ የተሸጠልኝ ይህ መስሎኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ተጫወትኩ። አንዲት ሴት ፈጠርኩ፤ በጦር የምትዋጋ፣ የጦሯን ጫፍ በእሳት የምታነድ፣ ከውጊያ በኋላ የቆሰሉትን የምታክም። 14 የችሎታ ነጥብ ለጦር፣ 11 ለፈውስ፣ 7 ለእሳት ሰጠሁ። አንድ መንደር ውስጥ የታመመ ልጅ አድናለሁ ብዬ ከሰይፈኛ ሽልማት ይልቅ ለፈውስ የምትሆን መጽሐፍ መረጥኩ። እያንዳንዷን ነጥብ አስቤባት ነው ያስቀመጥኳት።

ገጸ ባሕርይዋ አድጋ አሥረኛው የዕድገት ደረጃ ላይ ስትደርስ ከአንድ የድንጋይ በር ደረስኩ። በሩ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ «ማን ነሽ?» አላት። ደስ አለኝ። ጨዋታው የሠራሁትን ሁሉ አንብቦ ሊመልስልኝ ነው ብዬ ወደ ወንበሬ ጫፍ ተጠጋሁ። ማያው ጨለመ፤ ሦስት ሐውልቶች ከመሬት ወጡ። ተዋጊ። አስማተኛ። ሌባ። «አንዱንም አይደለሁም» የሚል አራተኛ ሐውልት ፈለግኩ፤ የለም። ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ አይሠራም። ጨዋታውን ዘግቼ ስከፍተው የደረስኩበትን በራሱ እዚያው በር ላይ መዝግቦት ኖሯል፤ ሐውልቶቹ እንደ ቆሙ ናቸው።

ጦሯን እንዳላጣ ብዬ ተዋጊን መረጥኩ። በመጀመሪያ የጦሩ ጫፍ ላይ ያለው እሳት ጠፋ። ቀጥሎ የፈውስ ምልክቶቹ አንድ በአንድ እየደበዘዙ ግራጫ ሆኑ። ከያንዳንዳቸው ሥር «ለመደብሽ አልተፈቀደም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። በእሳትና በፈውስ ላይ ያዋልኳቸው 18 ነጥቦች ተመልሰው አልተሰጡኝም፤ እንዲያው ጠፉ። በዚህ ቢያበቃ ምናልባት እታገሥ ነበር። ነገር ግን ወዲያው በወርቅ ቀለም የተከበበ መስኮት ተከፈተ፦ «ሁለተኛ መደብ መክፈት ትፈልጊያለሽ?» ከሥሩ ዋጋ ተጽፏል፤ በጨዋታው ሳንቲም ሳይሆን በእውነተኛ ገንዘብ። የነጠቁኝን መልሰው ሊሸጡልኝ ነው!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ምልክቱን አይቼ ማለፌ ነው። ከስሟ ሥር ገና ከመጀመሪያው ባዶ ሳጥን ነበረ፤ ጠቋሚውን ሳሳርፍበት «ወደፊት ይከፈታል» ይላል። የማዕረግ ስም ይሆናል ብዬ ተውኩት። ከነጋዴው ጋር ያሉት ጥሩሮች ላይ የሰይፍ፣ የበትርና የጩቤ ምልክት ነበረ፤ ጌጥ መሰለኝ። ማስታወቂያው ላይ እንኳን የቆሙት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሰይፍ፣ አንዱ በትር፣ አንዱ ጩቤ ይዘው! ይህን ያህል ዓመት የተጫወተ ሰው እንዴት አያይም? ማየት ስላልፈለግኩ ነው እንጂ ሁሉም ፊቴ ነበረ።

ወደ ሻጩ የደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩ። የሱቁ ደንብ በገዛችሁ በ14 ቀን ውስጥ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ገንዘብ ይመለሳል ይላል። አሥረኛ ደረጃ ላይ በሁለት ሰዓት የሚደርስ ሰው የለም፤ በሩን እዚያ ያቆሙት በአጋጣሚ ነው ብሎ ማንም አያሳምነኝም። የመጀመሪያው መልስ ለሁሉም የሚላክ የተዘጋጀ ጽሑፍ ነበር። እንደገና ስጽፍ ሰው መለሰልኝ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ማስታወቂያችን የሚለው ‹ይጀምሩ› ነው። ያለ መደብ ጀምረዋል። ምናልባት ይህ ዓይነቱ ጨዋታ ለእርስዎ አይመጥንም ይሆናል።» ከዚያ «ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚል ማኅተም። አንድ ግስ ይዘው ስድስት ሰዓቴንና ገንዘቤን ዋጡት፤ በዚያ ላይ ለጨዋታው የማልበቃ አደረጉኝ።

መደብ አለው ቢሉኝ ኖሮ ከመጀመሪያው ተዋጊ መርጬ፣ ፈውሱን ለሌላ ሰው ትቼ በደስታ እጫወት ነበር። ዳርክ ሶውልስ የተባለው የቪዲዮ ጨዋታም ሲጀመር መደብ ያስመርጣል፤ ግን የሚወስነው የመነሻ ቁጥሮችንና ዕቃን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ባላባት ሆኖ የጀመረ አስማት ቢማር የሚከለክለው የለም።

እንግዲህ ልትገዙ ከሆነ አስቀድማችሁ አትክፈሉ። ሌሎች ሲጫወቱት የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ስታዩ መጀመሪያውን ዘልላችሁ ከአሥረኛው ደረጃ በኋላ ያለውን ተመልከቱ። የገጸ ባሕርይው ገጽ ላይ ባዶ ሳጥን ካያችሁ ሁለት ሰዓቱ ሳይሞላ አቁሙና ገንዘባችሁን ጠይቁ። እኔ ዛሬ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ፤ የማስታወቂያውንም ምስል አያይዤ ልኬያለሁ። እስካሁን መልስ የለም።