ፋይቲንግ ሃራዳን የምታገኙባት የጂምቦቾዋ ሱቅ

ቶኪዮ የምትኖሩ ወይም ለሥራ ብቅ የምትሉ የቦክስ ወዳጆች ካላችሁ፣ ካንዳ ጂምቦቾ ውስጥ አንዲት ሱቅ ልጠቁማችሁ። ሰፈሩ በአሮጌ መጻሕፍት የታወቀ ነው። ይህቺ ግን የምትሸጠው የድሮ የስፖርት መጽሔት ብቻ ነው። ያለችው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ሻንጣ ይዛችሁ አትምጡ። ፊት ለፊት ቤዝቦልና ሱሞ ተደርድሯል። ቦክሱ ከኋላ ነው፣ በዓመተ ምሕረት ተለይቶ።

እኔን እዚያ የሚያመላልሰኝ አንድ ሰው ነው፦ ጃፓናዊው ቦክሰኛ ማሳሂኮ ሃራዳ፣ በሪንግ ስሙ ፋይቲንግ ሃራዳ። ልጅ ሆኖ ሩዝ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በ19 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ኦክቶበር 10 ቀን 1962 ቶኪዮ ላይ ከታይላንዳዊው ፖን ኪንግፔች ጋር ሲጋጠም፣ የገባው በሌላ ጃፓናዊ ምትክ ነበር። በ11ኛው ዙር ሰውየውን ጥግ አስይዞ ቡጢ አዘነበበት። ዳኛው ቆጥሮ ሲጨርስ ዙሩ ሊያልቅ 1 ሰከንድ ነበር የቀረው። በ3 ወሩ ባንኮክ ላይ ቀበቶውን መልሶ ተነጠቀ።

የሱቁ ዋጋ የሚታየው ግን 1965 የሚለው መደርደሪያ ጋ ስትደርሱ ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ዝም ብለው ያስገለብጧችኋል። ሃራዳን እንደምፈልግ ስነግራቸው መሰላል ላይ ወጥተው የናጎያውን ግጥሚያ የያዘ እትም አወረዱልኝ። ቀኑ ሜይ 18 ነው፤ የእኛ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶን ካሸነፈ ሰባት ወር እንኳ አልሞላም። ሃራዳ ክብደት ጨምሮ ባንታምዌት ወደሚባለው የክብደት ምድብ ወጥቷል። ከፊቱ የቆመው ብራዚላዊው ኤደር ጆፍሬ ነው። ጆፍሬ እስከዚያ ቀን ተሸንፎ አያውቅም። ፎቶዎቹ በዙር ተከፋፍለዋል። በ4ኛው ዙር ሃራዳ ከታች ወደ ላይ በላከው ቀኝ ቡጢ ጆፍሬ ሲንገዳገድ ታያላችሁ። በ5ኛው ደግሞ ተገልብጦ ሃራዳ ሲቀጠቀጥ። 15 ዙር ሄደው ሃራዳ በነጥብ አሸነፈ፤ ዳኞቹ ግን አልተስማሙም ነበር። በዓመቱ ድጋሚ ተጋጠሙ፤ አሁንም ሃራዳ። በዚያ ምሽት ጃፓን ውስጥ የቴሌቪዥን ተመልካቹ 63.7 በመቶ ደርሷል። ጆፍሬ በሕይወቱ 78 ጊዜ ተጋጥሞ የተሸነፈው 2 ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ያሸነፈው ይኸው የሩዝ ሱቅ ልጅ ነው። ስለ ቦክስ ታላላቆች ሲወራ ሃራዳ የሚዘለለው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ሆኜ ቦክስ ስለሠራሁ ኪሎ መቀነስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሃራዳ በዚህ በጣም የተሠቃየ ሰው ነው። ውኃ እንዳይጠጣ የጂሙን ቧንቧዎች በሽቦ ያስሩበት ነበር። የሽንት ቤቱ ውኃ ሳይቀር ያምረው እንደነበር ራሱ ተናግሯል። እንደዚያ እየሆነ ነው የባንታምዌት ቀበቶውን 4 ጊዜ የጠበቀው፤ በ1968 የአውስትራሊያው ሊዮነል ሮዝ እስኪወስድበት ድረስ።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ሽፋኑ የተቀደደ እትም ከ2,000 የን በታች ይገኛል። ንጹሑ 6,000 ድረስ ይሄዳል። ውድ ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የተቀደደውን ነው የምገዛው፣ የውስጡ ገጽ ምንም አይልም። ካርድ አይቀበሉም፤ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። በስልክ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ይህ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ጽሑፉ ሁሉ ጃፓንኛ ነው። የማታነቡ ከሆነ ፎቶ የበዛበትን ምረጡ። ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር መብራቱ ነው፤ የኋላው መደርደሪያ ጨለማ ስለሆነ ገጹ ሙሉ መሆኑን ለማየት ወደ መስኮቱ መውሰድ ግድ ነው። አንዴ መሐሉ የጎደለ እትም ይዤ ወጥቼ ስመልሰው፣ ባለቤቱ ያለ ምንም ጭቅጭቅ ብሩን መለሱልኝ።

የ1969ኙን የሲድኒ ግጥሚያ የያዘው እትም ካገኛችሁ አታመንቱ። ሃራዳ ሦስተኛ ክብደት ላይ፣ ፌዘርዌት ቀበቶ ፍለጋ፣ ከጆኒ ፋሜቾን ጋር ነው። ፋሜቾንን ሦስት ጊዜ ሪንግ ላይ ጥሎታል። ብቸኛው ዳኛ ዊሊ ፔፕ መጀመሪያ አቻ አለ። ከዚያ ነጥቡ እንደገና ሲደመር ፋሜቾን በ1 ነጥብ አሸናፊ ሆነ። በዚያን ዘመን ሦስት ቀበቶ ማለት ዛሬ እንደሚታየው አልነበረም፤ ሃራዳ ተበድሏል ባይ ነኝ። በጃንዋሪ 1970 ቶኪዮ ላይ ድጋሚ ተገናኝተው በ14ኛው ዙር በዝረራ ተሸነፈና ጓንቱን ሰቀለ። ያንን የሲድኒ እትም ባለቤቱ ከሚሸጡት ሁሉ በውድ ነው የያዙት። ለወሩ መጨረሻ እንዲያቆዩልኝ ለምኛቸዋለሁ፤ እናንተ ከቀደማችሁኝ ግን ግዙት።