የሐዋሳ ሐይቅ የማለዳ የጀልባ ጉብኝት፦ ከአስጎብኚው ጋር ከሆነ ብቻ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ጎብኚ የሚያሳፍሩ ጀልባዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን እንግዳውን ወደ ጉማሬዎቹ ወስደው ፎቶግራፍ ካስነሡት በኋላ ይመልሱታል። እዚህ የምገመግመው አገልግሎት የሚለየው ቀድሞ ዓሣ አስጋሪ የነበረ አስጎብኚ ስላለው ነው፤ እርሱም በሐይቁ ውስጥና ዙሪያ ያለው ሕይወት አንዱ በሌላው ተደግፎ እንዴት እንደሚኖር በትዕግሥት ያስረዳል።

ጉዞው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ነፋሱ ሳይበረታ ይጀምርና መጀመሪያ ፊላ የተባለው ረጅም የውኃ ዳር ተክል ወደ በዛበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ያመራል። ለእኔ የጉብኝቱ ምርጥ ክፍል ይኸው ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አስጎብኚው ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተባለው ዓሣ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ መራቢያ ጉድጓድ እንደሚቆፍር፣ ሴቷም እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ እንደምታስፈለፍልና ጫጩቶቹ አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ እንደሚገቡ ይነግረናል። ጫጩቶቹ ከእናታቸው ሲለዩ ከአምባዛና ከዓሣ በል ወፎች የሚሸሸጉት በዚያው ፊላ መካከል ስለሆነ፣ ፊላው ሲታጨድ ወይም ዳርቻው በአፈር ሲሞላ ጉዳቱ ውሎ አድሮ በአስጋሪው መረብ ላይ ይታያል። ይህን የሚናገረው ከመረብ ኑሮውን ሲመራ የኖረ ሰው መሆኑ ለማብራሪያው ልዩ ክብደት ይሰጠዋል።

ጉማሬዎቹ ዘንድ ሲደረስም ወሬው ስለ አውሬው ግዝፈት ብቻ አይሆንም። ጉማሬ ሌሊት በየብስ ላይ ሣር ግጦ ቀን ውኃ ውስጥ ስለሚውል፣ በፋንድያው አማካይነት የመሬቱን ለምነት ወደ ሐይቁ ያሻግራል፤ በዚህም በዓይን የማይለዩ አልጌዎች ይፋፋሉ፤ ቆሮሶም በዋናነት የሚመገበው እነርሱን ነው። ሆኖም የሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሰፋና በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የሌለው በመሆኑ፣ ከከተማው ፍሳሽና ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያ ሲታከልበት ያው ለምነት ከመጠን ያልፋል። አልጌው በዝቶ ሲሞትና ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጂን ይጨርሳል፤ ከውኃው በላይ ያለውን አየር መተንፈስ የሚችለው አምባዛ ሲቋቋመው፣ ቆሮሶ ግን ይጎዳል። ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ይህን ማብራሪያ እንዲያዳምጡት አጥብቄ እመክራለሁ።

መስተካከል ያለባቸው ነገሮችም አሉ። የጀልባው ነጂ ፎቶግራፍ ለሚፈልጉ መንገደኞች ሲል ወደ ጉማሬዎቹ ከሚገባው በላይ ተጠግቷል፤ ይህም ለሰው አደገኛ፣ ለእንስሳቱም ረብሻ ነው። በልጆች ልክ የተሠራ ላይፍ ጃኬትም አልነበረም፤ ይህ ጉድለት በማናቸውም ሰበብ የሚታለፍ አይደለም። ዋጋውን ከመሳፈር በፊት መስማማት ይሻላል።

ጉብኝቱ የሚያበቃው አሞራ ገደል፣ አስጋሪዎች ዓሣ በሚበልቱበት ዳርቻ ነው። አባ ኮዳ የተባሉት ትልልቅ ወፎች በሰው መካከል ቆመው አንጀትና ጭንቅላት ሲጠብቁ፣ ጦጣዎችም ከዛፎቹ ወርደው የሰው እጅ ሲያዩ ይታያሉ። አስጎብኚው እዚህ ላይ የሚሰጠው ምክር ትክክለኛ ነው፤ የዓሣው ትራፊ ለአባ ኮዳ የተፈጥሮ ምግቡ ሲሆን ውኃው ዳር እንዳይበሰብስም ያግዛል፤ ለጦጣ የሚወረወር ዳቦና ብስኩት ግን እንስሳውን ነጣቂ ያደርገዋል። ትኩስ የዓሣ ሾርባ የሚፈልግ ሰው እዚያው ያገኛል።

ድርጅቱ አስጎብኚ የሌላቸው ጀልባዎችንም በተመሳሳይ ስም ስለሚያሰማራ፣ ቦታ ሲይዙ የቀድሞው አስጋሪ አብሮ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ እርሱ ከሌለ ጉዞውን ለሌላ ቀን ማዛወር ይሻላል።